ሁለት ፒያኖ በአንድ ሸክላ፤ የፌራንቴና የታይቸር የሥራ ታሪክ

አንድ ሰው ብዙ ዓመት ደክሞ የተማረውን ከፍ ያለ ጥበብ፥ መንገደኛው ሁሉ በሚያፏጨው ዜማ ላይ ቢያውለው ጥበቡን አዋረደው ይባላልን? ወይስ አስከበረው ይባላል? ይህ ጥያቄ የሙዚቃ ጥያቄ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የተማረ ሰው የተማረው ለማን ነው ከሚለው ከትልቁ ጥያቄ አንዱ ክፍል ነው። በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን ከዚህ ግቢ የምንወጣ ተማሪዎችም ነገሩ በቶሎ ይደርስብናል። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ እንድጽፍበት በተሰጠኝ ቦታ፥ ጥያቄውን በባዶ ክርክር ሳይሆን በታሪክ ለመመርመር አስቤአለሁ። ታሪኩም አርተር ፌራንቴና ሉዊስ ታይቸር የተባሉት የሁለት አሜሪካውያን ፒያኖ ተጫዋቾች ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ስለ ሰዎቹ ከመናገሬ በፊት ስለ መሣሪያው ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ፒያኖ በ1700 ገደማ በኢጣሊያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ ባርቶሎሜኦ ክሪስቶፎሪ በተባለ መሣሪያ ሠሪ የተፈለሰፈ ነው። የእኛ ክራር አምስት ወይም ስድስት፥ በገናችንም ዐሥር አውታር ሲኖራቸው፥ ዛሬ የሚታወቀው ትልቁ ፒያኖ ከ200 የሚበልጡ የብረት አውታሮችና 88 ቁልፎች አሉት። ተጫዋቹ አንዱን ቁልፍ በጣቱ ሲጫነው፥ በውስጥ ያለች፥ ተጠቅጥቆ በጠነከረ ሱፍ የተሸፈነች ትንሽ መዶሻ ተነሥታ አውታሩን ትመታና ወዲያው ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ድምፁም በተመታበት ቅጽበት ጎልቶ ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን እየደከመ ይሄዳል እንጂ አይበረታም። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልኝ፤ የሁለት ፒያኖ ጨዋታ ችግሩም ውበቱም የሚመነጨው ከዚህ ነውና።

ሁለት ማሲንቆ መቺዎች አንድ ዜማ አብረው ሲጫወቱ አንደኛው ጥቂት ቢዘገይ፥ ድምፁ በደጋን የሚሳብ ስለ ሆነ ከጓደኛው ድምፅ ጋር ቀስ ብሎ ይቀላቀላል፤ ሰሚውም ብዙ አያስተውለው ይሆናል። በፒያኖ ግን እንዲህ አይደለም። የአንዱ መዶሻ ከሌላው መዶሻ የዓይን ጥቅሻ ያህል ቢዘገይ ጆሮ አንድ ምት ሳይሆን ሁለት ምት ይሰማል። ሁለት ሰዎች በሃያ ጣት አንድ ሺህ ጊዜ ሲመቱ አንድ ሺህ ጊዜ መገናኘት አለባቸው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ትልልቅ ፒያኖዎች የጎናቸው ጉብጠት እርስ በርሱ ገጥሞ ይቆማሉ፤ ተጫዋቾቹም ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ። አንዱ የሌላውን የትከሻ እንቅስቃሴና የትንፋሹን አወጣጥ ሳይቀር ማወቅ አለበት። ይህን ዕውቀት ደግሞ በጥቂት ወራት ልምምድ ማግኘት አይቻልም።

ሁለት ሰዎች በፒያኖ አብረው መጫወታቸው አዲስ ነገር አይደለም። ስመ ጥሩው የሙዚቃ ደራሲ ሞዛርት ገና ልጅ ሳለ ከእኅቱ ከናነርል ጋር በአንድ መሣሪያ ላይ በአራት እጅ ይጫወት ነበር፤ በ1780 ገደማ የተሳለው የቤተ ሰባቸው ሥዕልም ወንድምና እኅት ጎን ለጎን ተቀምጠው፥ የአንዳቸው እጅ የሌላውን እጅ ተሻግሮ ሲጫወቱ ያሳያል። በ1781 ደግሞ ሞዛርት በቪየና ከተማ፥ ዮሴፋ አውርንሐመር ከተባለች ተማሪው ጋር የሚጫወተውን አንድ ሶናታ ለሁለት ፒያኖ ደረሰ። ይህም ድርሰት እስከ ዛሬ ድረስ የሁለት ፒያኖ ተጫዋቾች ችሎታ መፈተኛ ሆኖ ይኖራል።

በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የአራት እጅ ጨዋታ ሌላ ትልቅ አገልግሎት አገኘ። በዚያ ዘመን ራዲዮ አልነበረም፤ ሸክላም የመጣው ወደ መጨረሻው ነው። በትልቅ ከተማ የማይኖር አውሮፓዊ የቤቶቨንን ሲንፎኒ ከኦርኬስትራ ሳይሰማ ዕድሜው ሊያልፍ ይችል ነበር። ስለዚህ አሳታሚዎች ሲንፎኒዎቹን ለአራት እጅ እንዲስማሙ አድርገው እያስጻፉ በወረቀት አትመው ይሸጡ ጀመር። አባትና ልጅ፥ እኅትና ወንድም በየቤታቸው በፒያኖ ፊት ተቀምጠው ያን ታላቅ ሥራ በገዛ እጃቸው ይሰሙት ነበር። እንግዲህ የሁለት ሰዎች ፒያኖ ከጥንት ጀምሮ የአዳራሹን ሙዚቃ ወደ ሕዝብ ቤት የሚያደርስ መልእክተኛ ነበር። ወደ ፊት የምናያቸው ሁለት ሰዎች የሠሩት ሥራ ከዚህ ልማድ ጋር እንዴት እንደሚዛመድ አንባቢ ራሱ ይፈርዳል።

ሸክላና ራዲዮ በየቤቱ በገቡ ጊዜ መልእክተኛው ሥራ የሚፈታ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን አልፈታም። በ1924 በኒው ዮርክ የጆርጅ ገርሽዊን «ሌዲ ቢ ጉድ» የተባለ የዘፈን ቴአትር ሲከፈት፥ ቪክቶር አርደንና ፊል ኦማን በኦርኬስትራው መካከል በሁለት ፒያኖ ይጫወቱ ነበር፤ ብዙ የዘመኑን ዘፈንም በሸክላ አስቀርጸዋል። በአውሮፓ ደግሞ ማርያን ራቪችና ዋልተር ላንዳወር የተባሉ ሁለት ፒያኖ ተጫዋቾች በ1930 በኦስትሪያ ተገናኝተው ጓደኞች ሆኑና በ1935 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። የሽትራውስን ቫልስና የቴአትር ዘፈኖችን በሁለት ፒያኖ እየተጫወቱ በራዲዮና በሸክላ ስማቸው ገነነ። በ1940 ጦርነቱ በበረታ ጊዜ ግን የእንግሊዝ መንግሥት የጠላት አገር ተወላጆችን ሲሰበስብ እነርሱንም በማን ደሴት በሚገኘው ሰፈር አሠራቸው። ከእስር ከተፈቱም በኋላ ወደ ፒያኖአቸው ተመልሰው ያንኑ ሕዝብ ለብዙ ዓመታት አስደሰቱ። ራቪች በ1970 እስኪሞት ድረስም አልተለያዩም።

አሁን ወደ ዋናው ታሪካችን እንመለስ። አርተር ፌራንቴ በመስከረም ወር 1921 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። ሉዊስ ታይቸር ደግሞ በነሐሴ 1924 በፔንሲልቬንያ ግዛት በዊልክስ ባሪ ከተማ ተወለደ። ሁለቱም ገና በልጅነታቸው ልዩ ስጦታ ያላቸው መሆናቸው ስለ ታወቀ፥ በኒው ዮርክ ወደሚገኘው ስሙ ወደ ተጠራው የጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡና በ1930 በዚያ ተገናኙ። በመካከላቸው የሦስት ዓመት የዕድሜ ልዩነት ነበረ፤ በልጅነት ሦስት ዓመት ትልቅ ነገር ቢሆንም ሙዚቃው አስታረቀውና አብረው ይጫወቱ ጀመር። ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላም ሁለቱ እዚያው በተማሩበት ትምህርት ቤት መምህራን ሆኑ።

የጁሊያርድ መምህር መሆን በሙዚቃ ዓለም ትንሽ ማዕረግ አይደለም። ሁለቱ ጓደኛሞች ግን በ1947 ማስተማሩን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለሁለት ፒያኖ ጨዋታ ሰጡ። መጀመሪያ በማታ መዝናኛ ቤቶች ይጫወቱ ነበር፤ ቆይተውም ከኦርኬስትራ ጋር በየአዳራሹ ይቆሙ ጀመር። የሚጫወቱትም የክላሲካል ድርሰት ብቻ ሳይሆን እንደ ገርሽዊን፥ እንደ ጀሮም ከርንና እንደ ሪቻርድ ሮጀርስ ያሉ ደራሲዎች ለቴአትርና ለፊልም የደረሷቸው ዘፈኖች ጭምር ነበር። ለሁለት ፒያኖ የተደረሰው የቀድሞ ሙዚቃ ብዛቱ ውሱን ስለ ሆነ፥ ዘወትር በሁለት ፒያኖ ለመኖር የሚፈልግ ሰው ራሱ ማዘጋጀት ግድ ይሆንበታል። ፌራንቴና ታይቸርም የሌሎችን ዜማ ወስደው ለሃያ ጣት እያስማሙ የሚጽፉ ሰዎች ሆኑ።

በዚያው ጊዜ የሸክላ ሥራ ራሱ ተለውጦ ነበር። የቀድሞው ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞርና በአንድ ፊቱ ከአራት ደቂቃ እምብዛም የማያልፍ ሙዚቃ የሚይዝ፥ ሲወድቅም የሚሰበር ነበር። በ1948 የኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሢሶ የሚዞር፥ በአንድ ፊቱ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚይዝ ረጅም ሸክላ አወጣ። በ1950ዎቹ መጨረሻም ድምፅን በሁለት መስመር ለይቶ የሚያሰማው ስቴሪዮ የተባለው ሸክላ ለገበያ ቀረበ። ለሁለት ፒያኖ ተጫዋቾች ይህ እንደ ተሰጠ ዕድል ነበር። በቀድሞው ሸክላ ሁለቱ ፒያኖዎች ከአንድ ቀዳዳ የሚወጡ ሆነው ይደባለቁ ነበር፤ በስቴሪዮ ግን አንዱ ፒያኖ በቀኝ፥ ሌላው በግራ ቆሞ ሲጠያየቅና ሲመላለስ ይሰማል። ሰሚውም በገዛ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለ ይመስለዋል።

በዚህ በ1950ዎቹ ዓመታት ሁለቱ ሰዎች ዌስትሚንስተር ለተባለው የሸክላ ኩባንያና ለሌሎችም የሠሩት ሥራ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የፒያኖውን ክዳን ከፍተው በአውታሮቹ ላይና በመካከላቸው ወረቀት፥ ጎማ፥ የእንጨት ቁራጭ፥ የብረት ዘንግ፥ ሰንሰለትና ብርጭቆ ሳይቀር እያገቡ ይጫወቱ ነበር። በዚህም ብልሃት ፒያኖው አንድ ጊዜ እንደ ከበሮ፥ አንድ ጊዜ እንደ ደወል፥ ሌላ ጊዜም በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተሠራ እንደሚመስል ድምፅ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን የተሰናዳ ፒያኖ በሰፊው ያሳወቀው ጆን ኬጅ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ነው። ኬጅ በ1940 ገደማ በሲያትል ከተማ ለአንድ ውዝዋዜ ሙዚቃ እንዲደርስ ታዝዞ፥ አዳራሹ ብዙ ከበሮ የማይችል ጠባብ ስለ ሆነበት በአንድ ፒያኖ አውታሮች መካከል ልዩ ልዩ ነገር እያገባ የከበሮ ጓድ አደረገው። የኬጅን ሥራ የሚሰሙት ጥቂት የአዲስ ጥበብ ወዳጆች ነበሩ። ፌራንቴና ታይቸር ግን የዚህን ዓይነት ድምፅ ሕዝብ በሚያውቃቸው ዘፈኖች ላይ እያዋሉ፥ ያለ አንዳች ትምክሕት እያሣቁና እያስገረሙ አሰሙት። አዲስ ነገር የሚፈራ ሰው እንኳ በሚያውቀው ዜማ ተመርቶ ወደማያውቀው ድምፅ ይገባ ነበር።

ነገር ግን ዝናቸው የገነነው በዚህ አይደለም። በ1960 አንድ ሌላ በር ተከፈተ። ዶን ኮስታ የተባለው የሙዚቃ አዘጋጅ ወደ ዩናይትድ አርቲስትስ የሸክላ ኩባንያ ባለፈ ጊዜ ሁለቱን ይዟቸው ሄደ። ይህ የሸክላ ኩባንያ በዚያው ስም የሚጠራው የፊልም ኩባንያ ቅርንጫፍ ነበር። የነገሩ ምሥጢር በዚህ ላይ ነው። የፊልሙ ዜማ በሸክላ ወጥቶ በየራዲዮው ሲሰማ ሰው ፊልሙን ለማየት ይጓጓል፤ ፊልሙን ያየ ሰው ደግሞ ዜማው በጆሮው ስለሚቀር ሸክላውን ይገዛል። ስለዚህ ኩባንያው የፊልሞቹን ዜማ ያለ ቃል የሚያዜምለት፥ ለሁሉም አገር ሰው የሚገባ መሣሪያ ይፈልግ ነበር፤ ሁለቱ ፒያኖዎችም ለዚህ ተስማሚ ሆነው ተገኙ።

መጀመሪያ የወጣው በ1960 የታየው የቢሊ ዋይልደር ፊልም የ«ዘ አፓርትመንት» ዜማ ነው። ዜማው ለዚህ ፊልም የተደረሰ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊልያምስ ከዐሥር ዓመት ያህል በፊት ለሌላ ፊልም የደረሰው ነው። ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ጋዜጣ በየሳምንቱ በሚያወጣው የመቶ ዘፈኖች ዝርዝር ውስጥ ይህ ሸክላ 10ኛ ደረጃ ደረሰ። ቀጥሎ በ1960 መጨረሻ «ኤግዞደስ» የተባለው ፊልም ወጣ፤ ስሙ በእኛ ቋንቋ «ዘፀአት» ማለት ነው። የዚህ ፊልም ዜማ በ1961 መጀመሪያ እስከ 2ኛ ደረጃ ወጣ። በዚያው በ1961 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ከተባለው ፊልም «ቱናይት» የተባለው ዘፈን 8ኛ ሆነ። ከብዙ ዓመታት በኋላም በ1969 የታየው የ«ሚድናይት ካውቦይ» ፊልም ዜማ በ1970 መጀመሪያ 10ኛ ደረጃ አገኘ። አራቱም ፊልሞች ዩናይትድ አርቲስትስ ያወጣቸው መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። ዕድል ብቻ አይደለም፤ በሥርዓት የታሰበ ንግድም ነበረበት።

ከእነዚህ ውስጥ የ«ኤግዞደስ» ዜማ የተለየ ታሪክ አለው። ደራሲው ኤርነስት ጎልድ በ1921 በቪየና ተወለደ፤ ይኸውም ፌራንቴ በተወለደበት ዓመት ነው። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ የአይሁድ ዘር ያለበት ቤተ ሰቡ ተሰድዶ ወደ አሜሪካ ገባ። ፊልሙም ከጦርነቱ እልቂት የተረፉ አይሁዳውያን በመርከብ ወደ ፍልስጥኤም ምድር ለመድረስ የሚያደርጉትን ትግል የሚተርክ ነው። ስለዚህ ስደተኛው ደራሲ ስለ ስደተኞች የደረሰው ዜማ ነበር ማለት ነው። ጎልድም በዚህ ሥራው የኦስካርን ሽልማት ተቀበለ። ፌራንቴና ታይቸር ይህን ዜማ በኦርኬስትራ ታጅበው ሲጫወቱት፥ የተማሩት ሁሉ በአንድነት ይታያል። ዜማው በከባድ ምት ይነሣል፤ አንዱ ፒያኖ ዋናውን ቃል ሲናገር ሁለተኛው ከታች እስከ ላይ እንደ ማዕበል የሚወጣና የሚወርድ ድምፅ ያፈስበታል፤ ወዲያውም ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ በሙሉ ጉልበት የሚመታ አመታትና ይህ የጣት ሩጫ፥ በትልልቆቹ የዐሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የፒያኖ ድርሰቶች ላይ በብዙ ዓመት ልምምድ ካልሆነ የሚገኝ አይደለም። ሸክላውን የገዛው ሰው ጁሊያርድን ባያውቅም ከጁሊያርድ የወጣውን ሥራ በቤቱ ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ የድካም ሥራ ነበር። ተመሳሳይ የምሽት ልብስ ለብሰው፥ ተመሳሳይ መነጽር አድርገው፥ በራሳቸውም ላይ ተመሳሳይ ሰው ሠራሽ ጠጉር ደፍተው እንደ መንታ ሆነው ወደ መድረክ ይወጡ ነበር፤ በየመካከሉም ከሕዝቡ ጋር ይቀልዱ ነበር። እስከ 1989 ባሉት 42 ዓመታት ከ5,000 በላይ ኮንሰርት እንደ ሰጡ ይነገራል፤ ይህም በየዓመቱ ከመቶ የሚበልጥ ነው። ያወጧቸው ረጃጅም ሸክላዎች ወደ 150 እንደሚደርሱ፥ የተሸጡትም 90 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ ተጽፏል። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚሉት ምናልባት እንዲህ ላለው ጓደኝነት ይሆናል።

አሁን እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ብዙ ሐያስያን እነዚህን ሰዎች አልወደዷቸውም። ሙዚቃቸው ስኳር የበዛበት፥ በሱቅና በአሳንሰር ውስጥ ሳይደመጥ የሚያልፍ ነው አሉ። ጁሊያርድ ያስተማራቸውን በገንዘብ ለወጡት ያሉም አልጠፉም። ይህ ነቀፋ ጨርሶ ሐሰት ነው ማለት አልችልም። ከ1960 በፊት በሠሯቸው ሸክላዎች ላይ የነበረው ድፍረት፥ ያ ሰንሰለትና ብርጭቆ የሚጮህበት ፒያኖ፥ ዝናቸው ከገነነ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቷል። ገበያው አንድ ጊዜ የወደደውን ነገር ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ሠሪውም ደጋግሞ ሲሰጥ ሌላውን ለመፈለግ ጊዜ ያጣል። ሕዝብን ማገልገልና ለገበያ መታዘዝ አንድ መስለው የሚታዩ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የተማረ ሰውም በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ነቅቶ መጠበቅ ይገባዋል።

ሆኖም የነቃፊዎቹ ዋና ሐሳብ፥ ይኸውም ከፍ ያለ ጥበብ ወደ ሕዝብ ዘፈን ሲወርድ ይረክሳል የሚለው፥ በታሪክ ፊት የሚቆም አይመስለኝም። «ቱናይት» የተባለውን ዘፈን የደረሰው ሌናርድ በርንስታይን በዚያው ጊዜ የኒው ዮርክ ፊልሐርሞኒክ ኦርኬስትራ የሙዚቃ መሪ ነበር። ጠዋት የቤቶቨንን ሲንፎኒ የሚያስጠናው ሰው ያንኑ የሕዝብ ዘፈን የጻፈ ከሆነ፥ በሁለቱ መካከል አለ የሚባለው ግንብ የት አለ? የሲንፎኒውን ዜማ ለአራት እጅ አሳጥሮ ወደ ሕዝብ ቤት ያገባው የጥንቱ ሠራተኛ ካልተነቀፈ፥ የፊልሙን ዜማ አስፋፍቶና አክብሮ ወደዚያው ቤት ያገባው ስለ ምን ይነቀፋል? እንዲያውም የጥንቱ ትልቁን ሥራ ለማሳነስ ተገድዶ ነበር፤ እነዚህ ግን ትንሹን አሳደጉ። ጥበብን የሚያረክሰው የተመረጠው ዜማ ሳይሆን የሥራው ግዴለሽነት ነው። ሁለት መዶሻዎች በአንድ ቅጽበት እንዲመቱ ለማድረግ የሚጠየቀው ትጋት ዜማው የሞዛርት ቢሆን የሲኒማም ቢሆን ያው አንድ ነው።

ጊዜም የራሱን ፍርድ ሰጠ። በ1990ዎቹ ዓመታት ብዙ ወጣቶች የ1950ዎቹን ሙዚቃ እንደገና መፈለግ በጀመሩ ጊዜ፥ የተሰናዳ ፒያኖ ያለባቸው እነዚያ የመጀመሪያ ሸክላዎች ከየአሮጌው ሣጥን እየወጡ እንደ ብርቅ ተሰበሰቡ። በዘመናቸው እንደ ጨዋታ የታዩት ሥራዎች ከአርባ ዓመት በኋላ ደፋር ሥራ ተብለው ተመሰገኑ።

ፌራንቴና ታይቸር በ1989 ከመድረክ ወረዱና በፍሎሪዳ ምዕራባዊ ባሕር ዳርቻ እርስ በርሳቸው ተቀራርበው መኖር ጀመሩ። አርጅተውም ቢሆን ሙዚቃውን አልተዉትም፤ አልፎ አልፎ በሰፈራቸው በሚገኝ አንድ የፒያኖ መሸጫ ሱቅ ተገናኝተው አብረው ይጫወቱ ነበር። ትኬት የለም፥ ሸክላ የሚቀርጽ የለም፥ የፊልም ኩባንያ የለም፤ የነበሩት ሁለት ፒያኖዎችና በሕፃንነታቸው የተገናኙ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። በገንዘብ ለወጡት ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የሚገኝ አይመስለኝም። ታይቸር በነሐሴ 2008፥ 84 ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዐረፈ። ፌራንቴም በመስከረም 2009 ጓደኛውን ተከተለ። ፌራንቴ በሕይወቱ ሳለ ለእያንዳንዱ የፒያኖ ቁልፍ አንድ አንድ ዓመት እየቈጠረ ለመኖር ይመኝ ነበር ይባላል፤ የሞተውም 88 ዓመት ከሞላው ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ ከእኛ መካከል የሙዚቃ ሰው የሚሆን ጥቂት ነው። ሐኪም፥ መምህር፥ መሐንዲስ፥ ገበሬና ነጋዴ እንሆናለን። ነገር ግን እያንዳንዳችን የተማርነውን ይዘን ባልተማረው ወገናችን ፊት የምንቆምበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ሁለት ፈተና ይገጥመናል፤ አንደኛው ዕውቀታችን ከፍ ያለ ነውና ለዚህ ሕዝብ አይመጥንም ብሎ መኩራት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሕዝቡ ይህን ይወዳል በማለት ከችሎታችን በታች ሠርቶ መስጠት ነው። ሕዝብ በሚያውቀው ዜማ መጀመር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ዜማውን በሰነፍ ጣት መምታት ነው። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን የደከሙብን ሥራችንን ከሚሰማው ሰው ርቀን እንድንቆም ሳይሆን፥ ወደ እርሱ ስንቀርብ የምንሰጠው ነገር እንዲኖረን ነው።